የኮንቴይነር ወደቦች ቅልጥፍናና የምርታማነት ለውጥ ከማሻሻያ በኋላ እንዴት ይለካል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ሲሆን፣ ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቅልጥፍና እና ምርታማነት አንድ ነገር አይደሉም?

አይደሉም፤ በወደብ ሪፖርቶች ውስጥ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ደጋግሞ ይታያል። ምርታማነት የተገኘው ውጤት ለዋለው ግብዓት ሲካፈል የሚወጣው መጠን ነው። ለምሳሌ አንድ ተርሚናል በዓመት ያስተናገደውን ኮንቴይነር ለክሬኖቹ ቁጥር ወይም ለመርከብ መቆሚያው ርዝመት በማካፈል ይገኛል፤ ይህን ለማስላት ስለ ሌላ ወደብ ማወቅ አያስፈልግም። ቅልጥፍና ግን ንጽጽር ነው። ወደቡ ያገኘው ውጤት በዚያው ግብዓት ሊገኝ ከሚችለው ከፍተኛ ውጤት ምን ያህል እጅ እንደሆነ ይናገራል።

ሁሉም ወደቦች የተሻለ ክሬን ተክለው ምርታማነታቸው በእኩል መጠን ቢያድግ የአንዳቸውም ቅልጥፍና አልተለወጠም። በአንጻሩ አንድ ወደብ ባለበት ሲቆም ሌሎቹ ወደ ኋላ ቢመለሱ፣ ምንም ሳይሠራ ቅልጥፍናው የጨመረ መስሎ ይታያል። ስለዚህ «ማሻሻያው ተሳክቷል ወይ?» ተብሎ ከመጠየቁ በፊት የትኛው እንደተለካ ማጣራት ይገባል።

«ማሻሻያ» ሲባል በትክክል የትኛው ለውጥ ነው?

በዘርፉ አብዛኛውን ጊዜ አራት የአስተዳደር ዓይነቶች ይለያሉ። በአንደኛው መሬቱም፣ መሣሪያውም፣ ሠራተኛውም የመንግሥት ነው። በሁለተኛው መንግሥት መሣሪያውን ይዞ የጭነት ሥራውን በከፊል ለግል ድርጅቶች ይተዋል። ዛሬ በትልልቅ የኮንቴይነር ወደቦች ዘንድ በብዛት በሚታየው በሦስተኛው ዓይነት ደግሞ መንግሥት የመሬቱና የመሠረተ ልማቱ ባለቤት ሆኖ ይቀጥልና ተርሚናሉን በረጅም ጊዜ የኮንሴሽን ውል ለግል አንቀሳቃሽ ይሰጣል። በአራተኛው ሁሉም ወደ ግል ይዛወራል። ማሻሻያ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር ሲሆን፣ የሠራተኛ ሕግ ለውጥና ሥልጣንን ከማዕከል ማውረድም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። ብሪታንያ በ1980ዎቹ ወደቦቿን ወደ ግል ማዛወር ጀመረች፤ በ1989 ደግሞ የወደብ ሠራተኞችን ቅጥር ይመራ የነበረውን ብሔራዊ ሥርዓት ሻረች። ኮሎምቢያ በ1991 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት የወደብ ድርጅቷን አፍርሳ ወደቦቹን በኮንሴሽን አስተላለፈች። ሜክሲኮ በ1993 የወደብ ሕግ አስተዳደሩን ከማዕከል አውርዳ በየወደቡ ለሚቋቋሙ ኩባንያዎች ሰጠች። ቻይና በ2004 ሥራ ላይ በዋለው የወደብ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮችን ሥልጣን አጠናከረች፤ ናይጄሪያም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተርሚናሎቿን በኮንሴሽን አስተላለፈች። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቋት ጨምሮ «የማሻሻያ አማካይ ውጤት» ማስላት፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ለማንም ውሳኔ ሰጪ የማይጠቅም ቁጥር ያወጣል።

ግብዓቱና ውጤቱ ምን ምን ናቸው?

ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በዓመት የተስተናገደው የኮንቴይነር መጠን በቲኢዩ ነው፤ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አንድ ቲኢዩ፣ ባለ 40 ጫማው ሁለት ቲኢዩ ተብሎ ይቆጠራል። በግብዓት በኩል የመርከብ መቆሚያው ርዝመት በሜትር፣ የኮንቴይነር ማከማቻ ግቢው ስፋት፣ መርከብ ላይ የሚሠሩት ትልልቅ ክሬኖች ቁጥር እና የግቢ ውስጥ ማንሻ ማሽኖች ቁጥር ይወሰዳሉ። እነዚህ የተመረጡት ከሁሉ የተሻሉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ወደቦች በይፋ የሚያወጧቸው መረጃዎች እነርሱ በመሆናቸውም ጭምር ነው።

ቲኢዩ ራሱ ወጥመድ አለው። ክሬን ባለ 40 ጫማውን ኮንቴይነር የሚያነሳው በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ እኩል ብዛት ያለው የማንሳት ሥራ የሠሩ ሁለት ወደቦች በቲኢዩ ሲቆጠሩ በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ከመርከብ ወርዶ ወደ ሌላ መርከብ የሚሻገር ኮንቴይነር ደግሞ ሲወርድም ሲጫንም ስለሚቆጠር ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ በጉምሩክና በመውጫ በር በኩልም አያልፍም። እንደ ሲንጋፖር ያለውን፣ አብዛኛው ጭነቱ ተሸጋጋሪ የሆነ ወደብ፣ ለአገር ውስጥ ገቢና ወጪ ዕቃ ብቻ ከሚያገለግል ወደብ ጋር ያለ ማስተካከያ ማነጻጸር የሁለተኛውን ድካም መሰረዝ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ክፍተት የሠራተኛ ቁጥር ነው። አስተማማኝ መረጃ ስለማይገኝ ብዙ ጥናቶች ወይ ይተዉታል፣ ወይ ሠራተኛው ከክሬኑ ቁጥር ጋር ተመጣጣኝ ነው ብለው ይገምታሉ። ማሻሻያው በዋነኛነት የሠራተኛ ማሻሻያ በሆነበት ቦታ ግን ይህ ዋናውን ጉዳይ ከስሌቱ ማስወጣት ነው። በዚያው ክሬን፣ በዚያው መቆሚያ፣ በግማሽ ሠራተኛ ያንኑ ጭነት ያስተናገደ ወደብ በእንዲህ ያለ ሞዴል ላይ ምንም ለውጥ አያሳይም። በተቃራኒው የቋሚ ሠራተኛ ቁጥር ብቻ ከተወሰደ፣ ሥራውን ለንዑስ ተቋራጭ ያስተላለፈ ወደብ ሰዎቹ እዚያው እየሠሩ ሳለ ምርታማነቱ የጨመረ ይመስላል።

ክሬን በሰዓት ስንት ኮንቴይነር ያነሳል የሚለው መለኪያ ለምን አይበቃም?

ለሥራ አስኪያጅ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለማሻሻያ ምዘና ግን የአንድ ግብዓት መለኪያ ብቻ ነው። አውስትራሊያ በ1998 በወደብ ሠራተኞች ላይ ከተነሳው ከባድ ውዝግብ ጋር በተያያዘ በሰዓት 25 የክሬን እንቅስቃሴን ብሔራዊ ግብ አድርጋ ነበር። እንዲህ ያለ ግብ ግልጽና ለሕዝብ የሚገባ መሆኑ ጥሩ ጎኑ ነው። ነገር ግን አንድ ተርሚናል ለእያንዳንዱ ክሬን ብዙ ተጎታችና ብዙ ሠራተኛ በማሰማራት የእያንዳንዱን ክሬን ፍጥነት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ፍጥነቱ የጨመረው ግብዓት ባክኖ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ አይነግረንም።

ሁለት ወደቦች ሲነጻጸሩ ደግሞ ሰዓቱ እንዴት እንደተቆጠረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክሬኑ የተበላሸበት፣ በነፋስ ምክንያት የቆመበት፣ የመርከቡ ክዳን የሚነሳበትና ሠራተኛ የሚቀያየርበት ጊዜ ተቀንሶ የተሰላ ፍጥነት፣ ሳይቀነስ ከተሰላው ሁልጊዜ ይበልጣል።

የዓለም ባንክ የወደቦች ደረጃ ሰንጠረዥ ይህንኑ ይለካ የለም ወይ?

አይለካም። የዓለም ባንክ ከኤስ ኤንድ ፒ ግሎባል ጋር ከ2021 ጀምሮ የሚያወጣው የኮንቴይነር ወደቦች አፈጻጸም ኢንዴክስ የሚመለከተው መርከብ በወደብ ያጠፋችውን ጠቅላላ ጊዜ ነው። ወደቡ ያንን ጊዜ ለማሳጠር ምን ያህል ክሬን፣ መሬትና ገንዘብ እንዳወጣ አይመለከትም። ግማሹ መቆሚያው ዘወትር ባዶ የሆነ ወደብ መርከብን ስለማያስጠብቅ በሰንጠረዡ ከፍ ሊል ይችላል፤ በግብዓት ሲለካ ግን ከቅልጥፍና እጅግ የራቀ ነው። ለመርከብ ባለቤት የመጀመሪያው፣ ወደቡን በግብር ለገነባው ሕዝብ ደግሞ ሁለተኛው መለኪያ ይበልጥ ይመለከተዋል።

ዲኢኤ (ዳታ ኢንቨሎፕመንት አናሊሲስ) እና ኤስኤፍኤ (ስቶካስቲክ ፍሮንቲየር አናሊሲስ) የሚባሉት የቅልጥፍና መለኪያ ዘዴዎች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም በ1957 የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ፋረል ካቀረበው ሐሳብ ይነሳሉ፤ ከታዩት ድርጅቶች ምርጦቹ «የምርጥ አፈጻጸም ድንበር» ይሠራሉ፣ የሌሎቹ ቅልጥፍና ከዚያ ድንበር ባላቸው ርቀት ይለካል። ዲኢኤ በ1978 የቀረበ የሒሳብ ፕሮግራም ሲሆን፣ ድንበሩን የሚሠራው በቀጥታ ከመረጃው ነው። ግብዓትና ውጤት በምን ቀመር እንደተያያዙ አስቀድሞ መገመት አያስፈልገውም፤ ዋጋ አይጠይቅም፤ ብዙ ዓይነት ውጤትም አንድ ላይ ይቀበላል። በወደቦች ላይ እንዲሠራበት በ1993 የቀረበው የመጀመሪያው ሐሳብ በእውነተኛ ሳይሆን በምናባዊ መረጃ የተሠራ ማሳያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዘርፉ እጅግ ከተለመዱት መሣሪያዎች አንዱ ሆኗል።

ድክመቱ ከድንበሩ ያለውን ርቀት ሁሉ የወደቡ ጥፋት አድርጎ መቁጠሩ ነው። የሥራ ማቆም አድማ፣ ማዕበል፣ የመረጃ መዝጋቢ ስህተት፣ ሁሉም «ቅልጥፍና ማጣት» ይባላል። በ1977 የቀረበው ኤስኤፍኤ ርቀቱን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዱ የአጋጣሚ ልዩነት፣ ሌላው እውነተኛው የቅልጥፍና ጉድለት ነው። ለዚህም በግብዓትና በውጤት መካከል ያለውን ግንኙነት በቀመር መወሰንና ጉድለቱ ምን ዓይነት ስርጭት እንዳለው መገመትን ይጠይቃል። ሁለቱንም ሠርቶ የወደቦቹ ቅደም ተከተል መቀራረቡን ማየት ይመረጣል፤ ካልተቀራረበ የአንዱን ውጤት ብቻ መርጦ ማቅረብ ታማኝነት አይሆንም።

ወደባችን 1.00 አግኝቷል፤ ይህ ማለት የሚሻሻል ነገር የለውም ማለት ነው?

አይደለም። 1.00 ማለት በናሙናው ውስጥ ካሉት ወደቦች የሚበልጠው አልተገኘም ማለት ብቻ ነው፤ ናሙናው ደካማ ከሆነ ድንበሩም ደካማ ነው። በዲኢኤ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የወደቦቹ ቁጥር ትንሽ ሆኖ የግብዓትና የውጤት ዓይነቶች ሲበዙ፣ እያንዳንዱ ወደብ በአንድ ነገር ልዩ ስለሚሆን ብዙዎቹ 1.00 ያገኛሉ። የወደቦቹ ቁጥር ከግብዓትና ከውጤት ዓይነቶች ድምር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን የሚለው የተለመደ መመሪያ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጠን ጉዳይም አለ። ድንበሩ ትንሽና ትልቅ ወደብ ከአንድ መለኪያ ግብዓት እኩል ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ ተብሎ ከተሰላ ትንሹ ወደብ ዝቅ ሊል ይችላል። በ1984 በቀረበው ማስተካከያ መሠረት እያንዳንዱ ከመጠን አቻዎቹ ጋር ሲነጻጸር ነጥቡ ከፍ ይላል ወይም ባለበት ይቆያል፤ ዝቅ ግን አይልም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመጠን የመጣውን ጉድለት ስለሚያሳይ፣ ሁለቱንም የማያቀርብ ሪፖርት የወደቡ ችግር የአሠራር ይሁን የገበያ ጥበት አይለይም።

የማልምክዊስት ኢንዴክስ እንዴት ይነበባል?

በሁለት ጊዜያት መካከል የታየውን የጠቅላላ ምርታማነት ለውጥ የሚለካ ኢንዴክስ ነው፤ ከ1 በላይ ከሆነ ዕድገት፣ ከ1 በታች ከሆነ ቅነሳ ታይቷል። ዋናው ጥቅሙ ለውጡን ለሁለት መክፈሉ ነው። አንደኛው ክፍል ወደቡ ወደ ድንበሩ መቅረቡን ወይም መራቁን፣ ሁለተኛው ድንበሩ ራሱ መንቀሳቀሱን ያሳያል። ኢንዴክሱ የሁለቱ ብዜት ነው።

በምናባዊ ቁጥር እንየው። አንድ ወደብ ከማሻሻያው በፊት በ4 ክሬን 400,000 ቲኢዩ ያስተናግድ ነበር፤ በአንድ ክሬን 100,000 ማለት ነው። የዘመኑ ምርጥ ወደብ በአንድ ክሬን 160,000 ያስተናግድ ስለነበር የወደባችን ቅልጥፍና 0.625 ነበር። ከማሻሻያው በኋላ በ5 ክሬን 600,000፣ ማለትም በአንድ ክሬን 120,000 አስተናገደ፤ ምርጡ ወደብ ግን 200,000 ደርሷል። አሁን ቅልጥፍናው 0.60 ነው። የመቅረብ ክፍሉ 0.60 ለ0.625 ሲካፈል 0.96፣ የድንበሩ እንቅስቃሴ 200 ለ160 ሲካፈል 1.25፣ የሁለቱ ብዜት 1.20 ይሆናል። ሚኒስትሩ «ምርታማነት በ20 በመቶ አደገ» ቢሉ እውነት ነው፤ ተቺው «ከዓለም ጋር ያለን ርቀት ሰፋ» ቢልም እውነት ነው።

ይህን ክፍፍል ሳያዩ አጠቃላዩን ቁጥር ብቻ መጥቀስ በማሻሻያ ሪፖርቶች ውስጥ እጅግ የተለመደ ጥፋት ነው። የድንበሩ መንቀሳቀስ ከትልልቅ መርከቦች፣ ከተሻሉ ክሬኖችና ከአውቶማቲክ አሠራር የሚመጣ ሲሆን፣ ማሻሻያ ያላደረጉ ወደቦችም ይጋሩታል። ማሻሻያ ከአስተዳደር ጋር የተያያዘ ከሆነ ውጤቱ በመጀመሪያ የሚጠበቀው በመቅረብ ክፍሉ ላይ ነው።

ማሻሻያው በተደረገ ማግስት ቁጥሩ ለምን ይወርዳል?

የወደብ ካፒታል በጥቂት በጥቂቱ አይጨመርም። አዲስ መቆሚያ ሲገነባ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር በአንድ ጊዜ ወደ ግብዓት ይገባል፤ ጭነቱ ግን የሚመጣው በዓመታት ነው። የኮንሴሽን ውል አንቀሳቃሹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢንቨስት እንዲያደርግ ስለሚያስገድድ፣ ውሉን ያከበረው ወደብ በስሌቱ ይቀጣል፤ ያላከበረው ቀልጣፋ ይመስላል። መጨናነቅ የበዛበት፣ መርከቦች ለቀናት መልሕቅ ጥለው የሚጠብቁበት ወደብም እያንዳንዱ ሜትር ስለሚሠራበት ብቻ ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የመርከብ መጠበቂያ ጊዜ ጎን ለጎን ካልቀረበ ነጥቡን ማመን ያስቸግራል።

ከኢንቨስትመንቱ ዑደት ያጠረ የምዘና ጊዜ ከንቱ ነው። አንድ ዓመት በፊትና አንድ ዓመት በኋላ ተወስዶ የተሰላ ለውጥ ስለ ማሻሻያው የሚናገረው እምብዛም የለም።

ለውጡን ያመጣው ማሻሻያው መሆኑ በምን ይታወቃል?

ኢንዴክሱ ለውጡን ይለካል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የወደብ ጭነት የንግድ ተከታይ ነው። ቻይና በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ከተቀላቀለች በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሻሻለውም ያልተሻሻለውም ወደብ ብዙ ኮንቴይነር አይቷል፤ በ2009 ደግሞ የዓለም የኮንቴይነር ጭነት ሲቀንስ፣ በመልካም አስተዳደር የሚመሩ ወደቦችም ክሬኖቻቸው ሥራ ፈትተዋል። በ2003 ተሻሽሎ በ2007 የተመዘነ ወደብና በ2006 ተሻሽሎ በ2009 የተመዘነ ወደብ የተለያየ ዕድል ነው የገጠማቸው።

ስለዚህ የሚነጻጸር ወደብ ያስፈልጋል፤ ከተሻሻለው ወደብ ለውጥ ላይ ያልተሻሻለው ወደብ ለውጥ ተቀንሶ የሚቀረው ይታያል። ለዚህ የሚመቹ አጋጣሚዎች አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ብሪታንያ በ1989 የሻረችው የሠራተኞች ሥርዓት የፌሊክስቶውን የኮንቴይነር ወደብ አይመለከትም ነበር። በሕንድ ጃዋሃርላል ኔህሩ ወደብ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የግል ተርሚናል ከመንግሥቱ ተርሚናል አጠገብ ሥራ ስለጀመረ፣ በአንድ ባሕር ዳርና በአንድ ጉምሩክ ሥር ሁለቱን ማየት ተቻለ። ይሁን እንጂ ጎረቤት ወደብ ንጹሕ ማነጻጸሪያ አይደለም። ወይ ጭነቱን በተሻሻለው ይነጠቃል፣ ወይ ፉክክሩ እርሱንም ያነቃዋል፤ በመጀመሪያው ሁኔታ የማሻሻያው ውጤት ከእውነቱ በላይ፣ በሁለተኛው ከእውነቱ በታች ይለካል።

የምርጫ ችግርም አይዘነጋም። የግል አንቀሳቃሾች የሚወዳደሩት ተስፋ ላላቸው ወደቦች ነው፤ መንግሥታት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማሻሻያ የሚያደርጉት ወደቡ ከታመመ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ውጤቱን ያጋንናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከወደቀበት በራሱ የሚነሳን ወደብ የማሻሻያው ስኬት ያስመስላል። ማሻሻያው «የተደረገበት ዓመት» ራሱ አከራካሪ ነው፤ ሕጉ የወጣበት፣ ውሉ የተፈረመበት፣ አንቀሳቃሹ የተረከበበት እና የመጀመሪያው አዲስ ክሬን የደረሰበት ዓመት ሊራራቁ ስለሚችሉ፣ ጥናቱ የትኛውን እንደወሰደና በሌላው ቢሞከር ውጤቱ ይጸና እንደሆነ ሊገልጽ ይገባዋል።

ወደቡ ቀልጥፏል ይባላል፤ አስመጪው ግን ለምን ለውጥ አያይም?

የተለካው ብዙውን ጊዜ በመርከቡና በግቢው መካከል ያለው ሥራ ስለሆነ ነው። የአስመጪው ኮንቴይነር ከዚያ በኋላ የጉምሩክ ፍተሻ፣ የባንክ ሰነድ፣ የከባድ መኪና ወረፋና የመውጫ በር ይጠብቃታል፤ እነዚህ በተርሚናሉ ግብዓትና ውጤት ውስጥ የሉም። አንዳንድ አስመጪዎችም ግቢውን እንደ ርካሽ መጋዘን ስለሚጠቀሙበት፣ ዕቃ በወደብ የሚቆይበት ጊዜ የአንቀሳቃሹ ስንፍና ብቻ ማሳያ አይደለም።

ዋጋም አለ። ተፎካካሪ የሌለው የግል ተርሚናል የተገኘውን የቅልጥፍና ትርፍ ለራሱ አስቀርቶ ታሪፉን ባለበት ሊያቆይ ይችላል፤ የመርከብ ድርጅቶችም የተቀነሰላቸውን ክፍያ ለጭነት ባለቤቱ የማስተላለፍ ግዴታ የለባቸውም። የቅልጥፍና ጥናት ስለ ትርፉ ክፍፍል አይናገርም፤ ለዚያ የታሪፍ መረጃ ያስፈልጋል።

የዲኢኤ ነጥብን በሁለተኛ ደረጃ ሪግረሽን (ነጥቡ ከምን ምን ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ በሚያሰላ ስታትስቲካዊ ዘዴ) ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንደ ተራ መረጃ ግን አይደለም። የተለመደው አሠራር በመጀመሪያ ነጥቦቹን አስልቶ፣ ቀጥሎ በግል ድርሻ፣ በውድድር ብዛትና በመሳሰሉት ማብራራት ነው። ችግሩ የአንዱ ወደብ ነጥብ የሚወሰነው በሌሎቹ ወደቦች በመሆኑ ነጥቦቹ እርስ በርስ ነጻ አለመሆናቸው፣ እንዲሁም ከ1.00 የማያልፉ በመሆናቸው ነው። ተመራማሪዎቹ ሲማርና ዊልሰን በ2007 ያቀረቡት፣ ስሌቱን በተደጋጋሚ በሚፈጠሩ ናሙናዎች ላይ የሚደግመው የቡትስትራፕ ዘዴ ለዚህ የታሰበ ሲሆን፣ በማልምክዊስት ኢንዴክስም ላይ የእርግጠኝነት ክልል ለማስላት ተመሳሳይ ዘዴ አለ። ክልሉ 1ን የሚያካትት ከሆነ፣ ለምሳሌ ኢንዴክሱ 1.04 ሆኖ ክልሉ ከ0.97 እስከ 1.11 ቢሆን፣ ምርታማነቱ አደገ ለማለት በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

በተጨማሪ ሁለተኛው ደረጃ የሚያስኬደው የሚመረመረው ምክንያት ድንበሩን ራሱን የማይለውጥ ከሆነ ብቻ ነው። የግል አንቀሳቃሽ የወደቡን አሠራር ብቻ ሳይሆን የሚገዛውን ቴክኖሎጂ ጭምር የሚለውጥ ከሆነ፣ የመንግሥትና የግል ወደቦችን በአንድ ድንበር ሥር መለካት ትክክል አይሆንም። እንዲህ ሲሆን ለእያንዳንዱ ቡድን የየራሱ ድንበር ተሠርቶ፣ ሁለቱም ከላይ ካለው የጋራ ድንበር ያላቸው ርቀት ይታያል። ለዚህ ደግሞ በእያንዳንዱ ቡድን በቂ ቁጥር ያላቸው ወደቦች መኖር አለባቸው፤ ለአንድ አገር ብቻ በሚሠራ ጥናት ይህ ብዙውን ጊዜ ስለማይሟላ ተርሚናሎችን በተናጠል መውሰድ ወይም የሌሎች አገሮችን ወደቦች መጨመር ግድ ይሆናል።